የሮቢቱ 422 መጠይቅ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። ለጥናት የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም እንዲሁ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ የትብብር ደብዳቤውን በፕላስቲክ ማህደር ይዞ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይገባል። ደብዳቤው ይመራለታል። የልማት ሠራተኛ ይመደብለታል። ማሾ ወይም ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ ከማሳው ይጠራለታል። ገበሬው የውኃ ተራው እንዳያልፈው በአንድ ዓይኑ ቦዩን እያየ ስለ ቤተሰቡ ብዛት፣ ስለ መሬቱ ስፋት፣ ደላላ ምርቱን በስንት እንደወሰደበት ይናገራል። ሲጨርስ "ለመሆኑ ይሄ ለእኛ ምን ያመጣል?" ብሎ ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ "ለፖሊሲ ግብዓት ይሆናል።"

ብዙውን ጊዜ ግብዓት የሚሆነው ለደረጃ እድገት ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ መምህር መርምሮና ጽፎ ማደግ አለበት። ነውሩ ያለው የገበሬው ቃል መጨረሻ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ነው።

ማንኛውም ሌክቸረር ኢሜይሉን ሲከፍት የሚያገኘው ግብዣ አለ። ትናንት ሁለተኛ ዲግሪውን የጨረሰውን ልጅ "እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር" ይለዋል። ጽሑፉ በሦስት ቀን ተገምግሞ በሳምንቱ እንደሚታተም፣ ክፍያውም ለአፍሪካውያን ቅናሽ እንዳለው ያበስረዋል። ከጆርናሉ ስም ላይ "ዓለም አቀፍ" የሚለው ቃል አይጠፋም። የሚጠፋው ገምጋሚው ነው። ጄፍሪ ቢል የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 እነዚህን አሳታሚዎች "አዳኝ" ብሎ ሰየማቸው። ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን ደግሞ በ2013 ባሳተመው ምርመራ፣ ሆን ብሎ ስሕተት የሞላበትን የፈጠራ ጥናት ለ304 ጆርናሎች ልኮ 157ቱ እንደተቀበሉት አሳየ። ሃይደራባድ ላይ የተቀመጠው ኦሚክስ የተባለ አሳታሚ በ2019 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ታዋቂ ስም መያዝም ዋስትና አልሆነም። የእኛም ተመራማሪዎች በብዛት ሲጽፉበት የነበረው ሂንዳዊ የተባለ አሳታሚ፣ ታዋቂው አሳታሚ ዋይሊ ከገዛው በኋላ፣ በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል።

ይህን ሁሉ የውጭ አጭበርባሪ ሥራ ነው ብለን እጃችንን መታጠብ አንችልም። ዕቃው ገዢ ባያገኝ ገበያው አይቆምም፤ ገዢው ያለው ደግሞ እኛው ቤት ነው። የደረጃ እድገት ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ጽሑፍ ሲቆጠር እንጂ ሲነበብ ማየት ብርቅ ነው። ስንት አወጣ፣ ስሙ ስንተኛ ላይ ነው፣ ጆርናሉ "ኢንዴክስ" ተደርጓል ወይ፣ ከዚያ ነጥብ ይደመራል። የሚገርመው፣ ቀናውን በር ለማንኳኳት ዶላር መፈለግ ግድ አልነበረም። ብዙ ታላላቅ ክፍት ጆርናሎች እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ለሚጽፍ ሰው ክፍያውን ይምራሉ። የማይምሩት ጊዜውን ነው። ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ያስጠብቃሉ፤ "ይህን እንዴት አወቅህ?" ብለውም ይጠይቃሉ። ሰው ከፍሎ የሚሸሸው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈራ ለማየት አንድ ቁጥር እናንሳ። የጥናት ዘዴ የተማረ ሁሉ 384ን ያውቃታል። ስለ ጉዳዩ ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ከሌለ 50 በመቶ ብሎ ገምቶ፣ 5 በመቶ ስሕተት ፈቅዶ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲሰላ የሚመጣው የናሙና ብዛት ነው። ላልተገኘና ፈቃደኛ ላልሆነ ሰው 10 በመቶ ሲታከልበት 422 ወይም 423 ይሆናል። ቀመሩ ምንም እንከን የለበትም። ግን ስለ ወባም፣ ስለ ሽንኩርት ገበያም፣ ስለ እናቶች ክትትልም የተጻፈው ሁሉ 422 ሰው ጠይቆ፣ ከ422ቱ አንድም "ሥራ ላይ ነኝ፣ ተወኝ" ያለ ገበሬ ሲጠፋ፣ ሸዋ ሮቢት ያለችበትን ይፋትን የሚያውቅ ሰው ጆሮው ይቆማል። መጠይቅ ካፌ ተቀምጦ፣ ማኪያቶ ታዝዞ፣ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ እንደሚሞላም ከመምህራን ማረፊያ እስከ መረጃ ሰብሳቢዎች አበል ሰልፍ ድረስ የማይወራበት ቦታ የለም።

አንድ ጽሑፍ በሐሳባችን እንፍጠር። "መረጃው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ 422 አባወራዎች በቤት ለቤት ጉብኝት ተሰበሰበ፤ 99 በመቶው ምላሽ ሰጥቷል" ይላል እንበል። ሩቅ አገር ያለ ገምጋሚ ይህን ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ቢበዛ ሰዋስዉን ያቃናለት ይሆናል። የይፋት ሰው ግን አያልፈውም። ኅዳር 2014 ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ፣ ወሩ ሳይወጣ መንግሥት መልሼ ያዝኩ ያለበት፣ ሰው ልጁን አዝሎ የሸሸበት ወር ነው። ያኔ በየቤቱ እየዞረ "በሳምንት ስንት ጊዜ አትክልት ይመገባሉ?" ያለው መረጃ ሰብሳቢ ማን ነበር?

የአገር ውስጥ ጆርናል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ከ1963 ጀምሮ ያሉት ለጌጥ አይደለም። አገሩን የሚያውቅ ገምጋሚ ወሩን፣ የገበያ ቀኑን፣ ማሾ የሚደርስበትን ጊዜ ያውቃል። እነዚህን ቤቶች በገንዘብም በሰውም አራቁተን፣ የማናውቀው አገር ለተከፈተ ድረ ገጽ ነጥብ መስጠታችን አስተዛዛቢ ነው።

ስም ማስገባት የሚባለውም በሽታ አለ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው አንዲት መስመር ሳይጽፍ ስሙ ይገባል፤ በምላሹ እሱም በሚቀጥለው ያስገባል። የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ የሚባለው በሥራው የተሳተፈ፣ በጽሑፉ ላይ የጻፈ ወይም ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀና ለሁሉም ነገር ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ ሰው ብቻ ነው ብሏል፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው የእኛው ተረት ከዚህ ቀድሞታል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም፣ የግብፅ መንግሥት ባለሥልጣንና ጸሐፊ የነበረው አል-ኡመሪ ይፋትን በዓይኑ ሳያይ ስለ ይፋት ሲጽፍ፣ የነገረውን ሰው ሼህ አብደላ አል-ዘይላዒን በስም ጠቅሶታል። ዛሬ ያልሠራው አለቃ በስሙ ደራሲ ሲሆን፣ ፀሐይ ላይ የዋለው መረጃ ሰብሳቢ "የመስክ ረዳቶችን እናመሰግናለን" ውስጥ ይቀበራል።

ፍርዳችን የሚከብደው ወጣቱ ሌክቸረር ላይ አይደለም። ዋጋው የተለጠፈለትን ዕቃ ነው የገዛው። ከእሱ በላይ የሚጠየቀው ሳያነብ የፈረመው የደረጃ እድገት ኮሚቴ፣ ከዚያም ኮሚቴው ቆጣሪ እንዲሆን መመሪያውን የጻፈው ሴኔት ነው። ለደረጃ የሚቀርብ ጽሑፍ ቢያንስ አንዱ በኮሚቴው ፊት ይነበብ፤ አመልካቹም ሦስት ጥያቄ ይመልስ። የተጭበረበረ ጽሑፍ የተገኘበት ጆርናል በለሆሳስ ከድረ ገጹ ማንሳቱን ትቶ ምክንያቱን ጽፎ ጽሑፉን በይፋ ይሻረው። ኮፕ በሚል ስም የሚታወቀው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደሚለው፣ መሻር የሚመጣው መዝገቡን ለማቃናት እንጂ ደራሲውን ለመቅጣት አይደለም። ቅጣቱ የቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው፤ እስካሁን የዘነጋውም ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን ሴኔት ሳይሰበሰብ፣ መመሪያ ሳይሻሻል ሊደረግ ይችላል። መምህሩ ወደ ቆላው ሲወርድ የያዘው ደብዳቤ ቁጥርና ቀን አለው፤ ማኅተምም አርፎበታል። የአገራችን ጆርናሎች ያንን ቁጥርና ቀን ጽሑፉ ሥር ያትሙት፤ የጥናቱም ውጤት በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ለዚያው ጽሕፈት ቤት ይላክ። ያኔ ተጠራጣሪ አንባቢ ስልክ መደወል ብቻ ይበቃዋል። በኅዳር 2014 የገባ የትብብር ደብዳቤ ካለ፣ የሮቢት መዝገብ ቤት አውጥቶ ያሳየናል።