በየሳምንቱ አንድ ርእስ

ካሜራ የሚይዝ ብዙ ነው፤ አስተውሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ርእስ እየተሰጠ፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በዚያ ርእስ አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚያቀርብበት ውድድር ለወጣቶች ጠቃሚ ልማድ ነው።

የሞያሌን ከተማ እንመልከት። ከተማዋ በድንበር ተከፍላ አንዱ ወገን በኢትዮጵያ፣ ሌላው በኬንያ ይገኛል። ከሩቅ የሚመጣ ፎቶግራፍ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ድርቅ ሲገባ ወይም ግጭት ሲነሣ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ዋጋ የለውም አይባልም፤ ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን በ1977 ዓ.ም. በኮረም የቀረጸው ፊልም ዓለምን ቀስቅሶ ለተራቡት ርዳታ አስገኝቷል። ሆኖም አገርን በመከራዋ ቀን ብቻ ያየ ሰው አገሪቱን ዐወቀ አይባልም።

የሳምንቱ ርእስ «ውኃ» ቢሆን፣ በኬንያ በኩል ያለ ተማሪ ጀሪካን የተጫነች አህያ፣ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ደግሞ ከጥልቅ የቦረና ጉድጓድ ውኃ እየተቀባበሉ ከብት የሚያጠጡ ሰዎችን ያነሣ ይሆናል። ሁለቱ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ድንበር የማይለየውን ኑሮ ያሳያሉ።

«ለውድድር ሲባል የሰው ክብር ይነካል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ካሜራውን መተው ሳይሆን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ነው። በሳምንት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሰላምታ ለመስጠትም ሆነ ፈቃድ ለመጠየቅ ጊዜ አያጣም።

አካባቢውን ራሱ የማያሳይ ሕዝብ፣ ሌላው እንዳሳየው ሆኖ ይቀራል።