ጆሮ ያደገበት ዜማ

የዛሬው ወጋችን የሚጀምረው ከአንድ የቅዳሜ ጉዞ ነው።

የልጄ ጓደኛ 13 ዓመት ሞላው። አይሁዳዊ ስለሆነ ባር ሚትዝቫ ተደረገለት፤ ይህ ልጁ ለሃይማኖቱ ራሱ ኃላፊ የሚሆንበት በዓል ነው። ከሳን ሆዜ ተነሥተን ኦክላንድ ወዳለው ምኩራባቸው ሄድን።

ጸሎቱ በጊታርና በጭብጨባ ነበር። ልጄ በጣም ደስ አለው። የጓደኛው ወንድ አያት ግን እጃቸውን አጣጥፈው ዝም አሉ። ያደጉት ከፖላንድ የመጡ ወላጆች ቤት ነው። ምሳ ላይ፣ «በኛ ወግ ሐዛኑ ብቻውን ያዜማል፤ ሲያዜምም ያስለቅሳል። ይሄ የወጣቶች ካምፕ ዘፈን ነው» አሉኝ።

በሌላ ወገን ያሉት ሴት አያት ደግሞ የሶርያ፣ የአሌፖ ሰው ናቸው። እዚያ ዜማው በመቃም ይሄዳል። መቃም እንደኛ ትዝታና ባቲ ያለ የዜማ ስልት ነው። ለእያንዳንዱ ሰንበት የሚስማማው መቃም ይመረጣል። «ጊታሩም ለቅሶውም ለኔ ጆሮ አይጥመኝም» ብለው ሳቁ። ከዚያም ወደኔ ዞረው፣ «የኢትዮጵያ አይሁድስ እንዴት ያዜማሉ?» አሉ። መልስ አጣሁ።

ማታ ቤት ስንገባ ልጄ እናቴን፣ «እማማ፣ የኛ ማኅሌት በጣም ይረዝማል። ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» አላት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ምንም አልተናገረች።

እኔም የአያቲቱ ጥያቄ ስላሳሰበኝ የቤተ እስራኤል ቄሶች ሲጸልዩ የተቀዳ ድምፅ ፈልጌ ከፈትኩ። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ይሄ የየት ደብር ነው?»

«ደብር አይደለም፣ እማዬ። ቤተ እስራኤል ናቸው።»

«ግእዝ ነው እኮ! ‹እግዚአብሔር› ሲሉ ሰማሁ።»

እውነቷን ነው። በጎንደር አካባቢ የኖሩት ቤተ እስራኤል የሚጸልዩት በአብዛኛው በግእዝ ነው። የጸሎት ቤታቸው መስጊድ ይባላል። በአንዳንድ ጸሎቶች ነጋሪትና ቃጭል ይመቱ ነበር። ብዙዎቹ በ1984ና በ1991 በተደረጉት ትላልቅ ጉዞዎች እስራኤል ገቡ። እዚያም ዜማቸው ለሌሎቹ አይሁድ እንግዳ ሆነ። ዛሬ ግን በስግድ በዓል ቄሶቹ ኢየሩሳሌም ላይ በግእዝ ያዜማሉ። ስግድም በ2008 በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል።

ይህን ለልጄ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ «የነሱስ ልጆች ይረዝማል አይሉም?» አለኝ።

«ይሉ ይሆናል» አልኩት። «ግን ቄሶቹ ዝም ቢሉ ዜማውን ከማን ይሰሙታል?»

መልስ አልሰጠኝም። እሑድ ጠዋት ግን ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ እናቴን ጠበቃት። ግማሹን ጊዜ ቆመ፣ ግማሹን ተቀመጠ። ሲመለሱ፣ «እማማ፣ አሁንም ይረዝማል» አላት።

እናቴም ሳቅ ብላ፣ «አዎ ልጄ፣ ይረዝማል» አለችው። «መቋሚያ የተሠራው ለዚህ አይደል?»

የሳምንቱ ቃል፦ መቋሚያ። «ቆመ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ረጅም ጸሎት ሲቆም ሰው የሚደገፈው በትር ነው። በእናንተ ቤት መቋሚያ አለ? የማን እንደነበረ ጠይቁ።