ምርጡ የካርቱን ፊልም ዘመን የቱ ነው? ዳኛው ቤሌ ቢሆንስ!



መቼም ሰሞኑን በተማሪው መሐል ማለቂያ ያጣው ክርክር "ለቤተሰብ የሚሆኑ ምርጥ የአኒሜሽን ፊልሞች የተሠሩት በየትኛው ዐሥር ዓመት ነው?" የሚለው ነው። ሻይ ቤት ይነሳል፣ ዶርም ሲገባ ይቀጥላል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። "የካርቱን ወሬ ነው" ብለው የሚያልፉት አሉ። እኔ ግን ለጋዜጠኝነት ተማሪ ቁም ነገር አለው ባይ ነኝ። "ምርጥ" የሚለውን ቃል በተናገርን ቁጥር "ለማን?" የሚል ጥያቄ ተከትሎት ይመጣልና።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ ፊልሞቹ የወጡበት ዓመት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር የሆነውን "ዓ.ም" ብዬ እለየዋለሁ።

ተከራካሪዎቹ ሦስት ጎራ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሩቅ ይሄዳሉ። ዲዝኒ በ1937 "ስኖው ዋይት"ን፣ በ1940 "ፒኖኪዮ"ን፣ በ1941 "ዳምቦ"ን፣ በ1942 "ባምቢ"ን ያወጣበት ጊዜ ነው ወርቃማው ይላሉ። እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ ተሥሎ ያን ያህል መሥራት ቀልድ እንዳልሆነ እኔም አምናለሁ። ሁለተኛዎቹ የ1990ዎቹ ወገኖች ናቸው። እነዚህ ለምርጥ ፊልም ኦስካር በመታጨት ከአኒሜሽን ፊልሞች የመጀመሪያ የሆነውን "ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት" (1991)፣ "አላዲን"ን (1992)፣ "ዘ ላየን ኪንግ"ን (1994) ይጠራሉ። ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም "ቶይ ስቶሪ"ም የ1995 ሥራ ነው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከ2000 እስከ 2009 ያለው ይበልጣል ይላሉ።

እኔ በበኩሌ ድምፄን የምሰጠው ለሦስተኛዎቹ ነው። ምክንያቴ ግን ከእነሱ ይለያል። እነሱ የሚቆጥሩት ገቢና ሽልማት ነው። እኔ የምለው ዳኛውን እንቀይር ነው። ዳኛው የሆሊውድ ሐያሲ መሆኑ ቀርቶ ቤሌ ከተማ፣ ኪንዶ ኮይሻ ውስጥ ያደገ የ8 ዓመት ልጅ ይሁን። ፍርዱ ምን ይሆን ነበር?

የቤሌን ልጅ ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። በቤት ውስጥ የሚናገረው ወላይትኛ ነው። በታችኛው ክፍል የሚማረውም በወላይትኛ ነው። አማርኛን ከገበያና ከቴሌቪዥን ይለቅማል። ካርቱን ሲከፍት ግን እነዚህ ሁሉ አይሠሩም። ዲሽ ያለው ቤት ኤምቢሲ 3 ላይ በዓረብኛ ያያል። ዲሽ የሌለው ደግሞ በፍላሽ ወይም በሜሞሪ አስጭኖ በእንግሊዝኛ ያያል። ሁለቱንም አይሰማም። ከሥር የሚጻፍ ትርጉምም የለም፤ ቢኖርም ማን ያነበዋል? እኛ እንግዲህ እንዲህ ነው ያየነው። ንግግሩን ትተን ዓይንን፣ እጅን፣ ሙዚቃን እያየንና እየሰማን ታሪኩን ራሳችን ስንገጣጥም አደግን።

ስለዚህ የቤሌ ዳኛ የመጀመሪያ መመዘኛው ግልጽ ነው፤ ቋንቋው ቢነሳ ፊልሙ ይቆማል ወይስ ይወድቃል?

በዚህ መመዘኛ አንዳንድ ትልልቅ ስሞች ይወድቃሉ። "ሽሬክ" (2001) ለረጅም አኒሜሽን ፊልም በተከፈተው የኦስካር ዘርፍ የመጀመሪያው አሸናፊ ነው። ግን የ"ሽሬክ" ቀልድ ያለው አፉ ላይ ነው። አህያው ሲለፈልፍ ፈረንጅ ይስቃል፣ እኛ የምንስቀው ሲወድቅ ብቻ ነው። የ"አላዲን" ጂኒም እንዲሁ ነው፤ ያን ሁሉ ወሬ ሲያወርደው እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጩኸቱ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው እኔ ከመረጥኩት ዘመን፣ ሁለተኛው ከተቃዋሚዎቼ ዘመን ስለሆነ አድልዎ የለብኝም።

ታዲያ የሚቆሙት የትኞቹ ናቸው? "ዎል-ኢ"ን (2008) ውሰዱ። አንድ ዝገት የበላው ሮቦት ባዶ በቀረች ምድር ላይ ብቻውን ቆሻሻ ይጭናል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ንግግር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብቸኝነቱ የሚታየው በዓይኖቹ ነው። የቤሌ ልጅና የኒው ዮርክ ልጅ በዚያ ግማሽ ሰዓት እኩል ናቸው! በ"አይስ ኤጅ" (2002) ደግሞ ያቺ አንድ ፍሬ ይዛ የምትንከራተተው ሽኮኮ ቃል ሳትተነፍስ ሰዉን ሁሉ ታስቃለች። ከእንግሊዝ የመጣው የ"ዋላስ ኤንድ ግሮሚት" ፊልም (2005) ከሁለቱ ጓደኛሞች ብልሁን ውሻ ዝምተኛ አድርጎታል። አፍ እንኳ አልተሠራለትም፤ የሚያስበውን ሁሉ ግን ከግንባሩ እናነባለን። የጃፓኑ "ስፒሪትድ አዌይ" (2001) ላይም የልጅቷ አባትና እናት በሆዳምነታቸው ወደ አሳማ ሲለወጡ ለመደንገጥ ጃፓንኛ ማወቅ አያስፈልግም።

"አፕ" (2009) መጀመሪያው ላይ አራት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ክፍል አለው። አንድ ባልና ሚስት ይጋባሉ፣ ቤት ያድሳሉ፣ ልጅ ይመኛሉ፣ ያረጃሉ፣ በመጨረሻም ሚስትየዋ ትሞታለች። ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ንግግር የለም። አያቴ አማርኛቸው እንኳ ከገበያ አያልፍም። ይህን ክፍል ዝም ብለው ካዩ በኋላ በወላይትኛ "ልጅ አልሰጣቸውም፣ አሁን ደግሞ ብቻውን ቀረ" አሉ። ማንም አልተረጎመላቸውም። እኔ ለዚህ ፊልም ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ይህ ወደ ሁለተኛው መመዘኛ ይወስደኛል። "የቤተሰብ ፊልም" ሲባል ፈረንጅ አገር ምናልባት "ልጅን የማያስነውር" ማለት ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ቃሉ እንደተጻፈው ነው። ቴሌቪዥኑ አንድ ነው። አባት፣ እናት፣ አያት፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ እዚያው ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ፊልሙ ለልጅ ብቻ ከሆነ ቻናሉ ይቀየራል፤ ሪሞቱ በልጅ እጅ አይደለምና።

የ1990ዎቹ ፊልሞች በአብዛኛው የልዑልና የልዕልት ታሪኮች ናቸው። ወላጅ ቢኖርም ወይ ንጉሥ ነው ወይ ይሞታል። በ2000ዎቹ ግን ወላጅ ራሱ ባለ ታሪክ ሆነ። "ፋይንዲንግ ኒሞ" (2003) የአባት ፊልም ነው። ሚስቱንና ዕንቁላሎቹን ሁሉ አጥቶ አንድ ልጅ ብቻ የቀረው አባት፣ ያንኑ ልጅ ሲነጠቅ ውቅያኖስ አቋርጦ ይፈልጋል። እኛ ባሕር አናውቅም፤ የምናውቀው ኦሞን ነው። ልጅ የጠፋበት አባት ግን የትም አገር አንድ ነው። "ዘ ኢንክሬዲብልስ" (2004) ስለ ባልና ሚስት ነው። "አፕ" ስለ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ሲሆን ሪሞቱ ባለበት ይቆያል።

እዚህ ላይ የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች ላስተናግድ። "ዝምታ ከሆነ መመዘኛህ፣ በ1940 የተጀመረው 'ቶም ኤንድ ጄሪ' ሁሉንም ይበልጣል" የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፣ ቤሌ ውስጥም እንደ ቶምና ጄሪ የተወደደ የለም። ግን እሱ የጥቂት ደቂቃ ሳቅ ነው። ያስቃል እንጂ አያስለቅስም፤ አይቶት የሚያስብ ሽማግሌም አላየሁም። ከበድ ያለው ተቃውሞ የ"ዳምቦ" ነው። ያ ትልቅ ጆሮ ያለው ዝሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይናገርም፤ የእናቱ ፍቅርም ልብ ይነካል። በእኔው መመዘኛ 1941 ላይ የወጣ ፊልም አለፈ ማለት ነው። ይሁን፣ አለፈ! ነገር ግን የዚያ ዘመን ዝነኞች ከአንድ አገርና ከአንድ ድርጅት የወጡ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2000ዎቹ ግን ከአሜሪካም፣ ከጃፓንም፣ ከእንግሊዝም መጥተው ነው የተፎካከሩት። ዘመን የሚመዘነው በአንድ ፊልም ሳይሆን በመደዳው ነው።

"ዘ ላየን ኪንግ"ን ግን እንዲሁ አላልፈውም። የመክፈቻው የፀሐይ መውጣትና የእንስሳቱ ሰልፍ ለማንም ይገባል። ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ይህ ፊልም በዙሉ ቋንቋ ተቀድቶ ለደቡብ አፍሪካ ልጆች ቀርቧል። የክርክሬ ዋና ጉዳይ ያለው እዚህ ጋ ነው።

እስካሁን 2000ዎቹን የመረጥኩት ያለ ቋንቋ ስለሚገቡ ነው። ግን ቆም ብለን እናስብ። አንድ ልጅ ፊልምን የሚወደው ንግግር ስለሌለበት ከሆነ፣ ይህ ለፊልሙ ሙገሳ ነው፣ ለእኛ ግን ወቀሳ ነው። በልጅነቱ በራሱ ቋንቋ ያናገረው ፊልም ስላላገኘ ነው ዝምታን የመረጠው። "ፋይንዲንግ ኒሞ" በ2016 በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ በናቫሆ ተቀድቷል። "ሞአና" በ2017 በኒው ዚላንድ በማኦሪ ተቀድቷል። ወላይትኛ በሚሊዮን የሚቆጠር ተናጋሪ አለው። ኒሞ ናቫሆ ከተናገረ ወላይትኛ መናገር ምን ያቅተዋል?

"አቅም የለንም" የሚለው መልስ አያሳምነኝም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ የነበራቸው መሣሪያ ድምፃቸው፣ ፊታቸውና እጃቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም ገደማ የጀመረው "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በባልና ሚስት ጥረት ከቤት የተነሳ የአሻንጉሊት ፕሮግራም ነው፤ ውጭ አገር ድረስ ተሸልሟል። እነዚያው ሰዎች በኋላ ስለ ሦስት ልጃገረዶች የሚተርከውን "ጥበብ ገርልስ" የተባለ አኒሜሽን ሠርተዋል። ቃና ቴሌቪዥን ደግሞ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ የቱርክን ድራማ በአማርኛ ሲያናግር ከረመ። ለአዋቂ ያን ያህል ክፍል መተርጎም ከተቻለ ለልጅ አንድ ሰዓት ተኩል እንዴት ይከብዳል?

ለወላይታ ሰው ደግሞ የልጅ ቋንቋ ቀላል ነገር አይደለም። በ1992 ዓ.ም "ወጋጎዳ" በሚል የአራት ሕዝቦችን ቋንቋ ቀላቅሎ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ፣ ሶዶ ላይ ሕዝቡ ተቃውሞ ወጥቷል፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል፤ መጽሐፉም ተነስቷል። ልጁ በምን ቋንቋ ያንብብ ብሎ ያን ያህል ዋጋ የከፈለ ሕዝብ፣ ልጁ በምን ቋንቋ ይሳቅ የሚለውን ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ልጅ ቋንቋውን የሚወደው በፈተና ብቻ አይደለማ፤ ሲስቅበትም ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የድምፅ ቀረጻ የምንለማመድ፣ የሬዲዮ ድራማ የምንጽፍ ተማሪዎች ነን። በየሴሚስተሩ ለክፍል ሥራ የምናዘጋጀው ድራማ ውጤት ከተሞላ በኋላ ይረሳል። በዚያ ፈንታ አንድ አምስት ደቂቃ የሚሆን የወላይታ ተረት ከየአያቶቻችን ሰብስበን፣ በወላይትኛና በአማርኛ ድምፅ ብንሰጠው፣ ሥዕል የሚችሉ ልጆች ደግሞ ቢሥሉት ምን ይጎድልብናል? የፈረንጅ ፊልም መቅዳት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ መቀባበል ለኛ ሙያ አይመጥንም። የአያቶቻችን ተረት ግን በእጃችን ነው። መምህሮቻችንም ቢያንስ አንዱን የክፍል ሥራ ለዚህ ቢፈቅዱልን ምስጋናችን የላቀ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ሥራ ጥሩ ላይሆን ይችላል። ይሁና! "ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባል የለ?

ለማጠቃለል፣ እስካሁን ከተሠሩት የእኔ ምርጫ ከ2000 እስከ 2009 ያለው ነው። ሳንሰማው ያናገረን፣ አያትንም ልጅንም አንድ ላይ ያስቀመጠን እሱ ነውና ክብር ይገባዋል። የቤሌ ልጅ ግን አንድ ቀን "ምርጡ ዘመን የቱ ነው?" ሲባል ገና ያልመጣ ዐሥር ዓመት ቢጠራ ደስ ይለኛል፤ በራሱ አፍ የሚናገሩ ዝሆኖችና ጅቦች ያሉበትን።

የ1990ዎቹ ወገኖች እንደማትስማሙ አውቃለሁ። ብዕር አላችሁ፣ የሚቀጥለው ዕትምም ቦታ አለው። በጽሑፍ እንገናኝ።

ቸር እንሰንብት!