ሥዕል ማንበብን ከአራዳ መጀመር

በአዲስ አበባ አራዳ፣ ፒያሳ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ውስጡን ካስጌጡት ሠዓሊዎች አንዱ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ምእመኑ ተሳልሞ ይወጣል፤ ጎብኚው ፎቶ ያነሳል። ሥዕሎቹ ለምን እንዲህ እንደተሣሉ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የ1888ቱን የዐድዋ ጦርነት የሚያሳዩ ነባር ሥዕሎችን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ወገን ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ለፊት ይሣላል፤ ጠላት ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ታይቶ። ከሰልፉ በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይጋልባል። ወገንንና ጠላትን እንዲህ ለይቶ የመሣሉ ልማድ ጻድቁን ከክፉው ከሚለየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ነው። ይህን የማያውቅ ተመልካች ሠዓሊው መሣል ያቃተው ይመስለዋል። ትልቅ በደል ነው!

የሥነ ጥበብ ታሪክና ሂስ ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቅርጽና ቀለም መመርመር ብቻውን አይበቃም፤ ማን አሣለው፣ ለማን፣ የት ተሰቀለ ተብሎም ይጠየቃል። ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ያሳተሙት ጠቃሚ መጽሐፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ዓለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወጣቶች በአማርኛ ሂስ ይጻፉ፤ ጋዜጦችም ቋሚ ዓምድ ይስጧቸው።