ማይኩ የተዘጋ መስሎኝ ነው

 አንድ ደብዳቤ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ደብዳቤ ስል ቴምብር የተለጠፈበት እንዳይመስላችሁ፣ በስልክ የመጣ ነው። ርዝመቱ ግን ከድሮዎቹ አይተናነስም። እንደ ልማዳችን ስም አንጠራም፤ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ዕድሜዬ 27 ነው። በአዘቦት ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግና ምርቃት ላይ መድረክ እመራለሁ። ጨዋታ አዋቂ ነው ይሉኛል። ከሦስት ወር በፊት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን ሲያገባ ማይኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንደኛ ሚዜው የጋምቤላ ልጅ ነው። አራት ዓመት አንድ ዶርም ኖረናል፣ ከአንድ ትሪ በልተናል። ዶርም እያለን ‹ጨለማው› ነበር የምንለው፤ እሱም ‹አቤት› ይል ነበር፣ ይስቅ ነበር። የሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ ሲገቡ ‹ኧረ መብራት አብሩልን! አንደኛ ሚዜው ሱፉ ብቻውን መጣ!› አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጨለማውም ፈገግ ብሏል፣ ቪዲዮው ላይ አለ። ግን ኬክ ሳይቆረስ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ይባስ ብሎ የሙሽራዋ ቤተሰቦች ለአዳራሹ ባለቤት ነግረውብኝ የያዝኳቸው ሁለት ሠርጎች ተሰረዙ። በውጭ አገር ጋዜጠኛ በአንድ ቃል ሲባረር እየሰማን እንገረም ነበር፤ እኛም አገር መጣ ማለት ነው? ቀልድና ንቀት የማይለይበት ዘመን ላይ ደረስን? ጨለማውንስ እንዴት ልመልሰው? ግራ የገባኝ፣ ከመገናኛ።»

ወንድሜ፣ የጠየቅኸኝ ሁለት ነገር ነው፤ አንተ ግን አንድ ላይ ቋጥረኸዋል። መጀመሪያ የውጩን እናውራ፣ አንተው ስላነሳኸው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2007 በአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። ፍጻሜ የደረሰው የኒው ጀርሲው ረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በቴነሲ 59 ለ 46 ተሸነፈ። ከአሥሩ ተጫዋቾች ስምንቱ ጥቁሮች ናቸው፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችም ነበሩባቸው። በማግስቱ ጠዋት በሲቢኤስ ራዲዮ አማካይነት በመላ አገሪቱ የሚደመጥ፣ በኤምኤስኤንቢሲ ቴሌቪዥንም የሚታይ አንድ ስመ ጥር የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ስለ ልጆቹ እያወራ ሁለት ቃል ወረወረ። አንዱ ፀጉራቸውን የሚያንቋሽሽ ነው፣ ከርዳዳ ራስ እንደማለት። ሁለተኛው በእኛ ቋንቋ ሴተኛ አዳሪ ማለት ነው። (እዚህ ላይ እህቶቼ፣ ፀጉር ቤት ስትቀመጡ «ሉጫ ነሽ፣ ታድለሽ!» የምትባባሉትን እስቲ አስታውሱት።)

ሰውዬው በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ ግን አልበረደም። ኤፕሪል 9 ቀን የአንድ ጥቁር ሰባኪ የራዲዮ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ለረጅም ሰዓት ተፋጠጠ፤ በዚያው ቀን ሁለቱም ድርጅቶች ለሁለት ሳምንት አገድንህ አሉት። በማግስቱ ልጆቹና አሠልጣኛቸው ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። አሠልጣኟ በጩኸት አልተናገረችም። እነዚህ ልጆች ከክፍላቸው አንደኛ የወጡ ናቸው፣ ነገ ሐኪም የሚሆኑ አሉ፣ የሙዚቃ ተሰጥኦ ያላቸው አሉ ብላ ለአገሩ አስተዋወቀቻቸው፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ በሬዲዮ የሰማው ቃል በማን ላይ እንደወረደ በዓይኑ አየ። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ ጄኔራል ሞተርስና አሜሪካን ኤክስፕረስን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን አነሱ። ኤፕሪል 11 ቴሌቪዥኑ አሰናበተው፣ 12 ላይ ራዲዮው። ከቀልዱ እስከ ስንብቱ ስምንት ቀን!

አሁን ሕዝቡ ምን አለ? እዚህ ላይ ነው አንተን የሰማሁህ። «ቀልድ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲሰድብ የኖረ ነው፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?» ያሉ ነበሩ። «ራፐሮቹ በዘፈናቸው ይህንኑ ቃል ሲሉት ለምን ዝም ይባላል?» ያሉም ብዙ ነበሩ፤ ይህኛው ጥያቄ ባዶ አልነበረም፣ ጥቁሮቹም እርስ በርሳቸው ተከራክረውበታል። «ደግ ሰው እኮ ነው» ተባለ። እውነትም በኒው ሜክሲኮ ለካንሰር ሕሙማን ልጆች የሚሆን የከብት እርባታ ማረፊያ አቋቁሞ ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ «ጣቢያዎቹ ኅሊና ኖሯቸው አይደለም፣ የማስታወቂያው ገንዘብ ስለሸሸ ነው» የሚሉ ነበሩ። እኔ ከእነዚህ ጋር ነኝ። ገንዘቡ ባይነቃነቅ ኖሮ ሰውዬው ሁለት ሳምንቱን ተኝቶ ይመለስ ነበር። ግን የቀጪው ሐሳብ አለመጥራቱ የተቀጪውን ጥፋት አያጠራውም፤ ትራፊክ ፖሊሱ ጉቦኛ ቢሆንም ቀዩን መብራት የጣስኩት እኔው ነኝ።

ደግሞም ሕይወቱ አልጠፋም። ስምንት ወር ሳይሞላው፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2007፣ በሌላ የኒውዮርክ ጣቢያ ወደ አየር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከ 2018 ድረስ ሠርቷል። «በአንድ ቃል እንጀራውን አጣ» የሚለውን ወሬ ስትሰማ ይህን ጨምርበት።

ሌላም ነበር። በ1988 አንድ የሲቢኤስ ስፖርት ተንታኝ ዋሽንግተን ውስጥ ምሳ ቤት ተቀምጦ፣ ጥቁሮች በስፖርት የሚበልጡት በባርነት ዘመን እንደ ከብት እየተመረጡ ስለተዳቀሉ ነው የሚል ነገር ለቴሌቪዥን ካሜራ ተናገረ። ቀኑ ጃንዋሪ 15፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የልደት ቀን! በማግስቱ ተባረረ። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራበት ቦታ ነው።

እኔን ግን የሚቆረቁረኝ የሦስተኛው ሰውዬ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ እኔም አለሁበት።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2004፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሞናኮ ከቼልሲ። ያኔ እኔ የሃያዎቹ ልጅ ነኝ፤ ሰፈራችን ያለ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን ነው ያየነው። ሞናኮ 3 ለ 1 አሸነፈ። የቼልሲ ደጋፊዎች አንገታችንን ደፍተን ወጣን። በዚያች ሌሊት ለእንግሊዙ አይቲቪ ይተነትን የነበረ፣ በፊት ማንቸስተር ዩናይትድን ያሠለጠነ ሰው፣ ሥርጭቱ አበቃ፣ ማይኩ ተዘጋ ብሎ ስለ ቼልሲው ተከላካይ አወራ። ተከላካዩ በጋና ተወልዶ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን አምበል የሆነው ነው፤ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንፍናንና ጥቁርነትን በጥንቱ የባሪያ ፈንጋይ ቃል አያይዞ ሰደበው። የእንግሊዙ ሥርጭት በእርግጥ ተዘግቶ ነበር። ወደ አንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች የሚሄደው ግን ክፍት ነበር። ተሰማ! በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ፤ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የነበረውንም አምድ እንዲሁ።

ለእሱም ጠበቃ አልጠፋም። «ይህ ሰው እኮ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ጥቁር ተጫዋች ከደጋፊው ሙዝ በሚወረወርበት ዘመን፣ ዌስት ብሮምዊች ላይ ሦስት ጥቁሮችን በአንድ ጊዜ ያሰለፈ ነው» ተባለለት። እውነት ነው፣ አሰልፏል። ያን ያደረገውም ይህን የተናገረውም አንድ ሰው ነው።

እናላችሁ ወሬው ሰፈራችን ሲደርስ ዲኤስቲቪ ቤቱ ጦፈ። «ዘረኛ! ነጭ ሁሉ አንድ ነው!» ያላልን የለም። እኔማ ጠረጴዛ እየመታሁ ንግግር አደረግሁ። በር ላይ ሁለት ሁለት ብር የሚሰበስብ ልጅ ነበረ፣ ከአሶሳ አካባቢ የመጣ። ሁላችንም የምንጠራው… እንግዲህ ልናገረው፣ «ሻንቅላው» እያልን ነው። «ሻንቅላው፣ መልስ አምጣ»፣ «ሻንቅላው፣ ድምፅ ጨምር»። በዚያ ጦፈን በምንጮህበት ሰዓት አንዱ ጓደኛችን በዚያው ስም ጠራውና «አንተስ ምን ትላለህ?» አለው። ልጁ ሳንቲሙን እየቆጠረ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሰውዬው ማይኩ የተዘጋ መስሎት ነው። እናንተ እኔ እንደምሰማችሁ እያወቃችሁ ነው» አለ።

ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ትቶ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ የጠየቀ የለም።

ወንድሜ፣ «እሱም ይስቅ ነበር» ብለህ ጽፈሃል። እስቲ ረጋ ብለህ አስብ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከቤቱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አማርኛውን ገና እያለማመደ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ባንዴ ሲስቅበት ምን ምርጫ አለው? ቢቆጣ «ቀልድ አያውቅም፣ ኩሩ ነው» ሊባል ነው። ቢያኮርፍ ብቻውን ሊበላ ነው። ስለዚህ ይስቃል። ያ ሳቅ ኪራይ ነው፤ እናንተ ዘንድ ለመኖር በየወሩ የሚከፍለው።

ሠርጉ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ ማይክ! ዶርም ውስጥ የሰማው አምስት ሰው ነው፣ አዳራሹ ውስጥ የሰማው መቶና ከዚያ በላይ። ወንድሞቹ ነበሩ? እናቱ ቪዲዮውን ታየዋለች? አንደኛ ሚዜ የተደረገበት ቀን ነው፣ ሱፍ አሰፍቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ የመጣበት። በክብሩ ቀን ጠብቀህ ነው ያገኘኸው።

የሠርጎቹን መሰረዝ በተመለከተ አጭር ነኝ። የአዳራሹ ባለቤት እንግዳ የሚያሳፍር መድረክ መሪ አልፈልግም ማለት መብቱ ነው፤ ልክ እንደ እነዚያ ኩባንያዎች ለኪሱ ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ሕግም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚባለው የጥላቻ ንግግርን ይመለከታል። ያንተ ቀልድ እዚያ ይገባል አላልኩም፣ አይመስለኝምም። ሁለት ሠርግ መክሰርህን ግን ከጓደኛህ ጋር ካለህ ሒሳብ ለይተህ አስቀምጠው። የረትገርስ ልጆች ሰውዬውን በተባረረበት ዕለት ማታ በገዢው ኦፊሴላዊ መኖሪያ ቤት ዘግተው ለሦስት ሰዓት ያህል አነጋገሩት። (ገዢው ራሱ ወደዚያ ሲመጣ፣ ቀበቶ ሳያስር፣ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድቶ ሳይገኝ ቀረ።) በማግስቱ ይቅርታውን ተቀበልን አሉ። ይቅርታው ሥራውን አልመለሰለትም፤ ሥራውን ማጣቱም ይቅርታ መጠየቁን አላስቀረለትም። ጓደኛህ ጋ ስትሄድ ታዲያ «በአንተ የተነሣ ሁለት ሠርግ ተሰረዘብኝ» የምትለዋ ነገር ከአፍህ እንዳትወጣ!

እንዴት ትሂድ? ሽማግሌ አትላክ። እኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ፣ ልጁን ሁለተኛ ጊዜ በግድ ፈገግ እንዲል ነው የምታደርገው። ሙሽራውንም አማላጅ አታድርገው። ራስህ ጻፍለት፣ ስልክ ስለማያነሳ። «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» አትበል፤ አስቀይመኸዋል፣ «ካ»ን አውጣት። ምን እንዳልክ በትክክል ጻፈው፣ የዶርሙንም ጭምር፣ አራቱን ዓመት። ቪዲዮው ከአንተ ዘንድ ካለ ያን ቦታ ቁረጠው፤ ሙሽሮቹም እንዲያስቆርጡት ለምናቸው። የተሰደበው በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን ትል ይሆናል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ እሱን ጠይቅ። እንደገና የመቶ ሰው መነጋገሪያ መሆን ላይፈልግ ይችላል። ደግሞ ላይመልስልህ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። ያን ከወዲሁ ተቀብለህ ካልሄድክ አትሂድ።

አንድ ነገር ቀረ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጓደኛህ ደጋግመህ ጽፈሃል፤ አራት ዓመት አንድ ዶርም፣ አንድ ትሪ… ለእኔ፣ ለማታውቀኝ ሰው፣ ምክር ስትጠይቅ እንኳ የጠራኸው «ጨለማው» እያልክ ነው። እኛ ስም እንደማናትም ታውቃለህ፣ ስለዚህ ሆን ብለህ ትተኸው ይሆናል ብዬ ልመን። ስትጽፍለት ግን መጀመሪያው መስመር ላይ እናቱ ያወጣችለትን ስም ጻፍ። ፊደሉን እንዳትስተው። እርግጠኛ ካልሆንክ የሠርጉ መጥሪያ ላይ ከሚዜዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይኖራል፤ ፈልገው።

ምን እንዳለህ ጻፍልኝ። እናንተም ደህና ሰንብቱ።