መድኃኒት በነገድ ስም አይለካም

ሰው በመልኩና በቋንቋው ልዩ ልዩ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በደሙም ውስጥ ከአባቱና ከእናቱ የወረሰው የማይታይ ልዩነት አለ። ይህን ልዩነት መመርመር ለጤና እጅግ ይጠቅማል፤ በነገድ ስም ብቻ ከፈረዱበት ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ደም በቍስል ላይ ሲረጋ ሕይወትን ያድናል፤ በእግር ሥር ውስጥ ሲረጋ ግን ወደ ሳንባ ሄዶ ትንፋሽን ይቈርጣል፤ በልብ ውስጥ የረጋውም ወደ አንጎል ወጥቶ ሰውን ሽባ ያደርጋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ያሉ ሊቃውንት የደምን መርጋት የሚያበረታ አንድ የሚወረስ ለውጥ አገኙ። ይህ ለውጥ በአውሮፓውያን ዘንድ ብዙ፥ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ «የአፍሪካዊ ደም አይረጋም» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቍሮች በዚሁ በሽታ ከነጮቹ ይልቅ እንደሚጠቁ ታውቋልና። ወሊድና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ረጅም ጊዜ መተኛትም ነገድን አይመርጡም።

የእኛን አገር በቀጥታ የሚነካው ነገር የመድኃኒቱ ነው። ዋርፋሪን አስቀድሞ የአይጥ መርዝ ነበረ፤ ከዚያም በ1954 ዓ.ም. ደም እንዳይረጋ የሚከለክል የሰው መድኃኒት ሆነ። በ2007 ዓ.ም. በእስራኤል አገር የታወቀው ምርምር፥ አንድ የጂን ለውጥ የዚህን መድኃኒት ኃይል እንደሚያደክም፥ ለውጡም ከኢትዮጵያ በሄዱት ቤተ እስራኤልና ከአውሮፓ በሆኑት አሽከናዚ አይሁድ ዘንድ እንደሚገኝ ገለጸ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ለውጥ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ መሆኑ ታተመ። እንግዲህ ስማቸውና አገራቸው የተራራቀ ሰዎች በአንድ ምልክት ተገናኙ፤ ከአንድ እናት ከተወለዱት ወንድማማቾች ግን አንዱ ሲወርሰው ሌላው ሳይወርሰው ይቀራል።

ይህ ነገር ለደብረ ታቦር ሰውና በጉና ተራራ ግርጌ ለሚኖረው ገበሬ የሩቅ ወሬ አይደለም። በልጅነት የጕሮሮ ሕመም ሰበብ ልቡ የተጐዳ ሰው በአገራችን ብዙ ነው። ከእነዚህም ውስጥ የልባቸው አመታት ሥርዓት ያጣ ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸው ዋርፋሪን ይታዘዝላቸዋል። መጠኑ ቢያንስ ደም ይረጋል፤ ቢበዛ ደም ይፈሳል። የምንበላው ጐመን እንኳ ሲበዛ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል።

ልብስ ሰፊ ቁመትን ይለካል እንጂ የባለልብሱን ነገድ ጠይቆ ጨርቅ አይቈርጥም። ሐኪምም እንዲሁ ነው። መለኪያው አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ የጂን ምርመራ ባይገኝ እንኳ፥ የውርሱንም የምግቡንም ውጤት በአንድነት ያሳያል። ስለዚህ ከስማዳ፥ ከእብናትና ከላይ ጋይንት ለአንድ ጠብታ ደም ምርመራ ሲል ረጅም መንገድ የሚመላለስ በሽተኛ ሊኖር አይገባም። በመንገዱ ርዝመት የታከተው ሰው ምርመራውን ይተዋል፤ ሳይለካ የሚወስደው መድኃኒትም ጠላቱ ይሆናል። የጤና ሹማምንት መለኪያውን ወደ ወረዳው ሆስፒታል ያቅርቡ፤ በሽተኛውም ቀጠሮውን ያክብር። ነገዱ ምንም ቢሆን ሕይወቱን የሚጠብቀው የደሙ ልክ ነውና።