የድሮን ባትሪና የዶርዜ ቤት

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ዶርዜ የደረሰ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚያደንቀው ቤቱን ነው። ሸማኔው ሕዝብ ቀርከሃውን እንደ ሸማ ሸምኖ፣ በእንሰት ቅጠል ከድኖ የሚያቆመው ይህ ረጅም ቤት የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቁመቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ግን የተበላውን ቆርጦ፣ በሩን አስተካክሎ ብዙ ዘመን ይኖርበታል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ጠርቶ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። ከውስጡ ምድጃ አለ፤ እሳቱ ግን ጠባቂ አለው።

በአሁኑ ጊዜ ይህን ቤትና ከቁልቁለቱ በታች የተንጣለሉትን የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከሰማይ ሆኖ ፎቶግራፍ ለማንሣት ድሮን ይዞ ወደ ዶርዜ የሚወጣ ወጣት ይታያል። ይህ ጥበብ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ስለ ማብረሪያው ፈቃድም ዛሬ አንናገርም። የምንናገረው ማታ ላይ ስለሚሆነው ነገር ነው። እንግዳው ሲደክመው ባትሪውን ከመኝታው አጠገብ ይሰካና ይተኛል። እንግዲህ በቀርከሃ ቤት ውስጥ ጠባቂ የሌለው እሳት ገባ ማለት ይህ ነው።

ነገሩን ማጋነን እንዳይመስል ምክንያቱን እንግለጥ። የድሮን ባትሪ በአብዛኛው ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ዐይነት ነው። ብዙ ኃይል በስስ ከረጢት ታጭቆ ይገኛል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽም ተቀጣጣይ ነው። ከረጢቱ ከተወጋ፣ ከተጨፈለቀ ወይም ከመጠን በላይ ከተሞላ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል፤ ከዚያም በሰከንዶች ውስጥ ነበልባል ይሆናል። የሊቲየም ነገር በአገራችን አየር መንገድም ላይ ታይቷል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂዝሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ ቦይንግ 787 አውሮፕላን እሳት ተነሣበት። መርማሪዎች ሲያጣሩ መነሻው የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያው ትንሽ የሊቲየም ባትሪ፣ ምክንያቱም ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው የተገኙ ሽቦዎች ሆኑ። ያ ባትሪ ከድሮኑ ዐይነቱ ይለያል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ትንሽ ቸልተኝነት ትልቅ ዕቃ ያጠፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከማብረር አስቀድሞ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ የባትሪ ክፍል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ እጅግ ዝቅ ካለም በውስጡ ያለው መዳብ ሊሟሟ ይችላል፤ እንደገና ሲሞላም ለአደጋ ይዳርጋል። ሞልቶ ብዙ ቀን ከቆየ ደግሞ ፈሳሹ እየፈረሰ ጋዝ ይወልዳል፤ ባትሪውም ያብጣል። ስለዚህ ለማኖር የሚስማማው ልክ 3.8 ቮልት ገደማ፣ ማለት ግማሽ አካባቢ ነው። ሦስት ክፍል ላለው ባትሪ ሙሉው 12.6፣ የማኖሪያው 11.4፣ የመጨረሻው ዝቅታ 9 ቮልት መሆኑን ወጣቱ በማስታወሻው ይጻፍ።

ዝናብ ወይም ጉም መጥቶ ሳይበር የቀረ ሙሉ ባትሪ እንዲሁ አይቀመጥም፤ ይጎደላል። ደኅናው መንገድ የማጉደያና የማኖሪያ ሥርዐት ባለው ቻርጀር ማውረድ ነው። ይህ ባይኖር ለቮልቱ የሚስማማ አምፑል አብርቶ፣ በቮልት መለኪያ እየተመለከቱ በልኩ ላይ ማቆም ይቻላል። ሁለቱን ሽቦዎች አጋጥሞ ማጉደል ግን እሳት መጥራት ነው።

የአገሩም ጠባይ ይታሰብ። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ባትሪ ይጎዳል። ዶርዜ ደጋ ነው፤ በማለዳ ብርድ የባትሪው ጉልበት ይደክማል፤ አየሩም ስለሚሳሳ ክንፉ የበለጠ መሽከርከር አለበት፤ ስለዚህ ኃይሉ ቶሎ ያልቃል። ከመብረሩ በፊት በልብስ ውስጥ ሞቅ ማድረግ፣ ካረፈ በኋላም ሳይቀዘቅዝ አለመሙላት ይገባል።

ያበጠ ባትሪ አይሞላም፤ አይወጋም፤ ከቤትም አያድርም። ከደጅ፣ ከሣርና ከቅጠል ርቆ፣ በአሸዋ ላይ ይቀመጥ፤ ከቀዘቀዘ በትንሽ አምፑል ቀስ ብሎ ይጎደልና ለኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ሰብሳቢ ይሰጥ እንጂ ከቆሻሻ ጋር አይጣል። ከተቀጣጠለ ግን ጭሱ መርዝ ስለሆነ አስቀድሞ ሰውን ማውጣት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ለቱሪስቱ ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ለመሬት ልኬትና ለፊልም ድሮን የሚረከቡ ወጣት ሹማምንትም ይስሙ። በመንግሥት ገንዘብ ድሮን ገዝቶ፣ ጥሩ ቻርጀር፣ የቮልት መለኪያና የብረት ሣጥን ያልገዛ፣ ባትሪው መቼ እንደተሞላና መቼ እንደጎደለ የሚጻፍበት መዝገብ ያላዘጋጀ መሥሪያ ቤት ግማሹን ዕቃ ብቻ ገዝቷል እንላለን። የጎደለው ግማሽ ጥንቃቄ ነው፤ እርሱም ዋጋው ትንሽ ነው።

የዶርዜ ሰው ቤቱን የሚያቆየው ምስጡ ሳይጨርሰው እየተመለከተ ነው። አዲሱን መሣሪያ ይዘን ወደ እርሱ ደጅ የምንወጣ ሁሉ ይህንኑ ልማድ ከእርሱ እንማር። ቤቱ የእርሱ ነው፤ እሳቱን ይዘን የገባን ግን እኛ ነን። ሳይቃጠል በቅጠል።